ለሞተር ሳይክል ጂፒኤስ የኮረንቲ አቅርቦት፦ የማገናኛ ነጥብ ምርጫና በጉዞ መረጃ ላይ ያለው ተጽዕኖ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በአነስተኛ ሞተር ሳይክል ላይ የሚገጠም የጂፒኤስ መሣሪያ ኮረንቲ የሚያገኝበትን መንገድ ያብራራል። መሣሪያው የሚፈልገው ኮረንቲ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ኮረንቲውን ከየትኛው ነጥብ፣ በየትኛው ጊዜና በምን ዓይነት መለወጫ በኩል እንደሚያገኝ ሁለት ነገሮችን ይወስናል፤ አንደኛው የሞተር ሳይክሉ ባትሪ ዕድሜ ሲሆን ሁለተኛው የሚሰበሰበው የጉዞ መረጃ ሙሉነት ነው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ በጉዞ መረጃ ውስጥ የሚታዩ ክፍተቶች በአጋጣሚ የተበተኑ አለመሆናቸው፣ ይልቁንም የአገጣጠሙን ዓይነት ተከትለው የሚመጡ መሆናቸው ነው። በመሆኑም የኮረንቲው አቅርቦት ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የጥናት ዘዴ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጂፒኤስ፣ ሞተር ሳይክል፣ ባትሪ፣ የቮልቴጅ መለወጫ፣ የመረጃ ክፍተት

1. መግቢያ

ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር የግብርና ባለሙያ፣ ጤና ኬላዎችን የሚጎበኝ የጤና ሠራተኛ፣ በከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚነዱት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሚደርስ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ነው። የእነዚህን ሰዎች እንቅስቃሴ ማወቅ የሚፈልጉ ወገኖች በርካታ ናቸው። አሠሪው የነዳጅ ወጪውን ከተጓዘው መንገድ ጋር ማመሳከር፣ ባለንብረቱ ሞተሩ ቢሰረቅ ያለበትን ማወቅ፣ የትራንስፖርት ተመራማሪው ደግሞ የጉዞውን ርዝመት፣ ፍጥነትና መነሻ መለየት ይሻሉ። ሦስቱም የሚጠቀሙት መሣሪያ አንድ ነው።

የጂፒኤስ የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ምሕዋር ወጣች። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙሉ አገልግሎት መስጠት መጀመሩ ታወጀ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ደግሞ በሲቪል ተጠቃሚዎች ላይ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረው የትክክለኛነት ቅነሳ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ መቀበያው እየረከሰና እያነሰ መጥቶ በማንኛውም ተሽከርካሪ ላይ የሚገጠም ዕቃ ሆኗል። የጥናት ዘዴ በሚገለጽበት ክፍልም የመሣሪያው ዓይነት፣ በስንት ሴኮንድ ልዩነት እንደሚመዘግብና የትክክለኛነቱ ደረጃ ይጠቀሳል። መሣሪያው ኮረንቲውን ከየት እንደሚያገኝ ግን ሳይነሣ ሊታለፍ ይችላል።

ይህ መታለፍ የሚያስከትለውን ለመረዳት የሚከተለውን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። አንድ ሠራተኛ ዓርብ ማታ ሞተሩን ከቤቱ ያቆማል። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሲከፍት መብራቱ ይፈዛል፤ ሞተሪኖውም አይዞርም። ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ከባትሪው ጋር የታሰረ እንግዳ ሽቦ ያገኝና ይነቅለዋል። ሞተሩ ይነሣል፤ ሠራተኛውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የሞተሩ ምልክት ይጠፋል፤ በወሩ መጨረሻም ሠራተኛው «የት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። የቴክኒክ ጉድለት የነበረው ነገር የታማኝነት ጥያቄ ይሆናል። ተመራማሪም ያንኑ መረጃ ቢጠቀም ሞተሩ እንዳልተንቀሳቀሰ ቆጥሮ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል።

2. የሞተር ሳይክሉ የኮረንቲ ምንጭ

የአነስተኛ ሞተር ሳይክል የኮረንቲ ሥርዓት ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው አመንጪው ነው። ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚሽከረከር ቋሚ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች አጠገብ ሲዞር ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይፈጠራል። ሁለተኛው ሬጉሌተር ሬክቲፋየር ነው፤ ይህ ክፍል ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ቮልቴጁም ከ14.5 ቮልት ገደማ እንዳያልፍ ይገድባል። ሦስተኛው ባትሪው ሲሆን፣ በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 12 ቮልትና 5 አምፔር-ሰዓት ገደማ ያለው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ይህ መጠን ከአንድ አነስተኛ የቤት አውቶሞቢል ባትሪ ጋር ሲነጻጸር አንድ ስምንተኛ አካባቢ ብቻ ነው።

በአመንጪው አሠራር ላይ ለዚህ ርዕስ የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። የመኪና ዲናሞ ማግኔታዊ ጉልበቱን የሚያገኘው ከኮረንቲ ስለሆነ እንደ ፍላጎቱ ሊጠነክር ወይም ሊዳከም ይችላል። ቋሚ ማግኔት ግን አይዳከምም። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ኮረንቲው ይጨምራል፤ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሬጉሌተሩ ትርፉን ወደ ጥቅልሎቹ መልሶ በማሳጠር በሙቀት መልክ ያባክነዋል። ስለዚህ ሞተሩ በአገር አቋራጭ መንገድ በጥሩ ፍጥነት ሲሄድ ጂፒኤሱ የሚወስደው ኮረንቲ ያለዚያም ይባክን ከነበረው ላይ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ፣ ሞተሩ በዝግታ ወይም በመካኒኮች አነጋገር በሚኒሞ ሲሠራና የፊት መብራቱ ሲበራ ግን አመንጪው የሚሰጠው ኮረንቲ ለነባሮቹ ዕቃዎች እንኳ ሊያንስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጂፒኤሱ የሚመገበው ከባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከባትሪው ይሆናል።

የቮልቴጁ መጠንም ቋሚ አይደለም። ሙሉ የሆነ ባትሪ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራና ባትሪው ሲሞላ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይደርሳል። ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ወደ 10 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ባትሪው ያረጀ ከሆነ መውረዱ ይብሳል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወደ ላይ የሚደረገው ዝላይ ነው። የባትሪው ጫፍ በንዝረት ምክንያት ላልቶ ሞተሩ እየሠራ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ቮልቴጁ ለአጭር ጊዜ በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። አይ.ኤስ.ኦ. 16750-2 የተባለው ለመንገድ ተሽከርካሪዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ 12 ቮልት በሆኑ ሥርዓቶች ላይ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መቋረጥ ለመፈተሽ ያስቀመጠው የቮልቴጅ መጠን መከላከያ በሌለበት ከ79 እስከ 101 ቮልት፣ መከላከያ ባለበት ደግሞ 35 ቮልት ነው። በሞተር ሳይክል ላይ የሚታሰር ማንኛውም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ «12 ቮልት» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አምኖ ሊሠራ አይችልም።

3. መሣሪያው ምን ያህል ይፈልጋል?

የጂፒኤስ መቀበያ ሳተላይቶቹን የሚያዳምጥ እንጂ ወደ እነርሱ የሚልክ መሣሪያ አይደለም። ሳተላይቶቹ ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ ሞገዳቸው መሬት ሲደርስ ያለው ኃይል የአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው። ይህን ሞገድ ለይቶ ቦታን የሚያሰላው የመቀበያ ቺፕ የሚፈጀው በአሥር እስከ መቶ የሚቆጠር ሚሊዋት ብቻ ነው። ኮረንቲውን የሚወስደው ከመቀበያው ጋር አብሮ የተሠራው ሌላው ክፍል ነው።

በዚህ ረገድ መሣሪያዎቹን በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ተሰውሮ የሚገጠመው መከታተያ ነው፤ የቦታ መረጃውን በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። አማካይ ፍጆታው ዝቅተኛ ቢሆንም መረጃ በሚልክበት ቅጽበት በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ እስከ 2 አምፔር የሚደርስ አጭር ፍሰት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው በመሪው ላይ የሚታሰረው ባለስክሪን መንገድ ጠቋሚ ነው። በፀሐይ ብርሃን እንዲነበብ ስክሪኑ በደንብ መብራት ስላለበትና የውስጥ ባትሪውም አብሮ ስለሚሞላ 5 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ሦስተኛው የእጅ ስልክ ነው፤ ፍጆታው ከመንገድ ጠቋሚው ጋር ይቀራረባል ወይም ይበልጣል። ለስልክ ግን ኮረንቲው ብቸኛው ጥያቄ አይደለም። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው ማሳሰቢያ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው የሞተር ሳይክል ሞተሮች የሚፈጥሩት ንዝረት በስልኮቹ የካሜራ ማረጋጊያ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ገልጿል።

4. የማገናኛ ነጥብ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ከሞተሩ ጋር ምንም ሳያገናኙ በውስጥ ባትሪ ወይም በፓወር ባንክ መጠቀም ነው። የሞተሩን ባትሪ አይነካም፤ ባለሙያም አይፈልግም። ለአንድ ሳምንት በሚካሄድ ጥናት ይህ መንገድ በቂ ሊሆን ይችላል። ድክመቱ በየቀኑ መሙላትን የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ መረጃው ከመሣሪያው ይልቅ በሠራተኛው ማስታወስ ላይ ይመሠረታል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት እንዲሞላ አይመከርም፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ሳይክል የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይህ ሙቀት በቀላሉ ይታለፋል።

ሁለተኛው አማራጭ በቀጥታ ከባትሪው ጫፎች ማገናኘት ነው። አቅርቦቱ አይቋረጥም፤ ቮልቴጁም በአንጻራዊነት የተረጋጋ ነው፤ ምክንያቱም ባትሪው ራሱ ዝላዮችን የመዋጥ ጠባይ አለው። ችግሩ ሞተሩ ቆሞም ፍጆታው መቀጠሉ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኮረንቲ ከሚያገኝ መስመር መውሰድ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ መሣሪያውም ስለሚጠፋ ባትሪው አይጎዳም። እዚህ ላይ ግን የሽቦው ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች ላይ የፊት መብራት የሚሠራው በቀጥታ ከአመንጪው በሚመጣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለሆነ ከእርሱ ላይ ሽቦ መቀጠል መሣሪያውን ለጉዳት ያጋልጣል። ከካንዴላ ማቀጣጠያው መስመር መቀጠልም አይመከርም፤ አዲሱ ሽቦ ቢነካካ ሞተሩ በመንገድ መሐል ሊጠፋ ይችላል። ተመራጩ ዘዴ ሪሌ መጠቀም ነው። የኋላ አነስተኛ መብራት ወይም የጡሩምባ መስመር ሪሌውን ያነቃል፤ ለመሣሪያው የሚሄደው ኮረንቲ ግን በሪሌው በኩል ከባትሪው በተለየ ሽቦ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ነባሩ ሽቦ አዲስ ጭነት አይሸከምም።

ለመከታተያ መሣሪያ አራተኛ፣ ሁለቱን የሚያጣምር መንገድ አለ። ብዙዎቹ መከታተያዎች ከፖዘቲቩና ከኔጌቲቩ ሌላ የቁልፉን መከፈት የሚያሳውቅ ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ አላቸው። ዋናው አቅርቦት ከባትሪው ሳይቋረጥ ይመጣል፤ ሦስተኛው ሽቦ ቁልፉ መዘጋቱን ሲያሳውቅ መሣሪያው ራሱን ወደ እንቅልፍ ሁኔታ ያስገባል። ይህ ሽቦ በገጣጣሚው ችኮላ ሳይታሰር ከቀረ መሣሪያው ስለ ቁልፉ የሚያውቀው ነገር አይኖርም፤ እንደ አሠራሩም ቀንና ሌሊት ነቅቶ ሊቆይ ይችላል።

5. ቆሞ የሚያድር ሞተር ሳይክል

የባትሪው ዕጣ የሚወሰነው በጉዞ ሰዓት ሳይሆን በቆመበት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከባትሪው ሊወጣ የሚችለው አምፔር-ሰዓት በሚፈሰው አምፔር ሲካፈል የሚቆይበት ሰዓት ይገኛል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ማድረግ ዕድሜውን ስለሚያሳጥርና ሞተሪኖውንም ስለሚያዳክም፣ ባለ 5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ላይ ለስሌት የሚያዘው 2.5 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው።

በእንቅልፍ ሁኔታ 5 ሚሊአምፔር የሚወስድ መከታተያ ይህን መጠን ለመጨረስ 500 ሰዓት፣ ማለትም 21 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሳይተኛ 40 ሚሊአምፔር የሚወስድ መከታተያ በ62 ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። 5 ዋት የሚፈልግ መንገድ ጠቋሚ በመለወጫው የሚባክነው ሲታከልበት ከባትሪው 470 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚወስድ አምስት ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል። በመግቢያው የተጠቀሰውን ሠራተኛ ብናስብ፣ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ 62 ሰዓት ነው። ያልተኛ መከታተያ የአዲስ ባትሪን ግማሽ፣ ካረጀና ግማሽ አቅሙን ካጣ ባትሪ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ለመውሰድ አንድ የሳምንት መጨረሻ ይበቃዋል ማለት ነው።

በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ይህን ጉዳት የሚሸፍን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በእግር ማስነሻው ነው። የማቀጣጠያው ኮረንቲ በቀጥታ ከአመንጪው የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ ባትሪው ደክሞም በእግር ይነሣል። አሽከርካሪው ሞተሪኖው መድከሙን እንደ ተራ እርጅና ይቆጥረዋል። ባትሪው ግን ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር በውስጡ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠነከረ ይሄዳል፤ በኋላ ቢሞላም ሙሉ አቅሙ አይመለስም። ነዳጁ በኤሌክትሪክ ፓምፕ በሚረጭባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ባዶ ባትሪ ማለት የማይነሣ ሞተር ማለት ሊሆን ይችላል።

የቆመ ሞተር ፍጆታ በግምት የሚታለፍ አይደለም፤ በአምፔር መለኪያ ይታወቃል። ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ይፈታና መለኪያው በጫፉና በሽቦው መካከል ይገባል። መሣሪያው ወደ እንቅልፍ እስኪገባ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ንባብ ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ ያሳስታል። መለኪያው በገባበት ሁኔታ ሞተሪኖውን መጫን ግን የመለኪያውን ፊውዝ ያቃጥላል። ይህ አጭር ልኬት መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ቢደረግ፣ ሦስተኛው ሽቦ ሳይታሰር የቀረበትን ሞተር በዕለቱ መለየት ይቻላል።

6. መለወጫ፣ ሽቦና ፊውዝ

መከታተያዎች ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት በቀጥታ ይቀበላሉ። መንገድ ጠቋሚዎችና ስልኮች ግን 5 ቮልት ይፈልጋሉ። 14 ቮልትን ወደ 5 ቮልት ለማውረድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያባክን ቀጥታ ሬጉሌተር ነው። ግማሽ አምፔር ሲያልፍበት መሣሪያው 2.5 ዋት ሲያገኝ 4.5 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ብቃቱ 36 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮረንቲውን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚያወርድ መለወጫ ሲሆን፣ ብቃቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በተግባር የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ይህ መለወጫ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ማብራትና ማጥፋቱ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። የጂፒኤስ ዋናው የሲቪል ሞገድ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚተላለፍና እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ መከለያና ማጣሪያ የሌለው ርካሽ መለወጫ ከመቀበያው አንቴና አጠገብ ሲቀመጥ ሞገዱን ሊውጠው ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መሣሪያው በውስጥ ባትሪው ሲሠራ ብዙ ሳተላይቶችን ያያል፤ ቻርጀሩ ሲሰካ ቁጥራቸው ወይም የሞገዳቸው ጥንካሬ ይቀንሳል። ተመራማሪው መሣሪያውን ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በሞተሩ ላይ ታስሮ፣ ሞተሩም እየሠራ መፈተሽ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የመለወጫው ቦታም በስሌት ይወሰናል። መለወጫው ባትሪው ጋ ተቀምጦ 5 ቮልቱ እስከ መሪው ድረስ 1.5 ሜትር በቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ቢሄድ፣ የመዳብ ሽቦው ስፋት 0.08 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ የመሄጃና የመመለሻው ተቃውሞ ወደ 0.65 ኦም ይደርሳል። 1 አምፔር ሲያልፍ 0.65 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ መሣሪያው የሚደርሰው 4.35 ቮልት ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ «በመሙላት ላይ» የሚል ምልክት እየታየ ባትሪው እያለቀ ይሄዳል። በአንጻሩ 12 ቮልቱ በ0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ያንኑ ርቀት ሄዶ መለወጫው መሪው አጠገብ ቢቀመጥ፣ በግማሽ አምፔር ፍሰት የሚጠፋው 0.05 ቮልት ያህል ነው። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ 12 ቮልቱ፣ አጭሩን 5 ቮልቱ ቢሄድ ይመረጣል። ሽቦው በመሪው አንገት በኩል ሲያልፍ መሪው በዞረ ቁጥር እንዳይወጠር ትርፍ ርዝመት ይተውለታል፤ ደጋግሞ የሚታጠፍ ሽቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበጠሳል።

ፊውዝ የሚገባው መሣሪያው አጠገብ ሳይሆን በተቻለ መጠን ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ቅርብ ሆኖ ነው። ብዙ ጊዜ ፊውዝ መሣሪያውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ በዋነኛነት የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሽቦው ከነዳጅ ታንከሩ ሥር ተፍቆ ብረቱን ቢነካ፣ ፊውዝ ከሌለ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያች ነጥብ ያፈሳል፤ ውጤቱም እሳት ሊሆን ይችላል። ለአንድ መከታተያ ወይም መንገድ ጠቋሚ ከ1 እስከ 3 አምፔር ያለው ፊውዝ ይበቃል። ለቮልቴጅ ዝላይ ደግሞ ትርፉን የሚያሳጥር መከላከያ ዳዮድ በመለወጫው መግቢያ ላይ መኖሩ ይረጋገጣል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች ላይ ስሌቱ ይለወጣል። የዋናው ባትሪ ቮልቴጅ 48፣ 60 ወይም 72 ሊሆን ይችላል፤ ሃያ የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ባለ 72 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 84 ቮልት ይደርሳል። ለ12 ቮልት የተሠራ መከታተያ ከዚህ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ወዲያው ይቃጠላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ለመብራትና ለጡሩምባ የተዘጋጀውን የ12 ቮልት መስመር መጠቀም ይቻላል፤ ይህ መስመር ግን ቁልፉ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

7. የኮረንቲው ጠባይ በመረጃው ላይ የሚተወው አሻራ

እስካሁን የተዘረዘሩት የአገጣጠም ዓይነቶች እያንዳንዳቸው በመረጃው ላይ የየራሳቸውን ክፍተት ይተዋሉ።

የመጀመሪያው የጉዞ መነሻ ክፍተት ነው። አንድ መቀበያ ቦታውን ለማስላት ከእያንዳንዱ ሳተላይት ኢፌሜሪስ የተባለውን የምሕዋር መረጃ መቀበል አለበት። ይህ መረጃ በየ30 ሴኮንዱ ይደጋገማል፤ የሚያገለግለውም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከቁልፉ ጋር አብሮ የጠፋ መሣሪያ በማግሥቱ ሲነሣ ይህን ሁሉ እንደገና መቀበል አለበት። በሜዳ ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ በሕንፃዎች መካከልና በእንቅስቃሴ ላይ ግን ጊዜው ይረዝማል። ሞተሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ መሣሪያው አንድ ደቂቃ ቢዘገይ 500 ሜትር ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህ ከ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ 2.5 በመቶ፣ ከ2 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን 25 በመቶ ነው። ስለዚህ በቁልፍ የሚጠፋ መሣሪያ አጫጭር ጉዞዎችን ይበልጥ ያሳጥራል፤ መነሻ ቦታዎችንም ወደ ዋና መንገድ ያዛውራል። የዕቃ አድራሾችን ጉዞ ለሚያጠና ሰው ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው የዳግም መነሣት ክፍተት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ሲወርድ መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው መሣሪያ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። በትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩ የጠፋበት አሽከርካሪ አንድ ጉዞው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። የጉዞ ቁጥር ይበዛል፤ አማካይ ርዝመት ያጥራል።

ሦስተኛው የቆመ ሞተር ክፍተት ነው። ያለማቋረጥ ከባትሪ የሚመገብ መሣሪያ ባትሪውን የሚጨርሰው ለረጅም ጊዜ በቆሙ ሞተሮች ላይ ነው። መረጃቸው ቀድሞ የሚጠፋው ጥቂት የሚንቀሳቀሱት ሞተሮች ስለሆኑ፣ የቀሩትን ብቻ ይዞ አማካይ የሚያሰላ ጥናት እንቅስቃሴውን ከእውነታው አብዝቶ ያሳያል። የጠፉትን «አልተንቀሳቀሱም» ብሎ የሚቆጥር ጥናት ደግሞ፣ ሽቦው ተነቅሎለት ሥራውን የቀጠለውን ሠራተኛ ከሥራ እንደቀረ ያደርገዋል።

እነዚህን ለመለየት አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ብዙዎቹ መከታተያዎች ከቦታው ጋር የሚገባላቸውን ቮልቴጅና የቁልፉን ሁኔታ መመዝገብ ይችላሉ፤ ይህ መረጃ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ቮልቴጁ ከ13.5 በላይ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ የቦታ ነጥብ ከጠፋ ምክንያቱ የሰማዩ መከለል ወይም የሞገድ መታወክ ነው። 12.6 ገደማ ሆኖ ሳይለዋወጥ ከቆየ ሞተሩ ቆሟል። ከቀን ወደ ቀን ቀስ በቀስ ወደ 12 ከወረደ ባትሪው እየተመጠጠ ነው፤ ሠራተኛው ሳይቸገር አስቀድሞ ሊነገረው ይችላል። በአንድ ቅጽበት ወደ ዜሮ ከወረደና መሣሪያው በውስጥ ባትሪው ከቀጠለ ሽቦው ተነቅሏል፣ ፊውዙ ተቃጥሏል ወይም የባትሪው ጫፍ ላልቷል። ከአራቱ ሁኔታዎች አንዳቸውም ሠራተኛው የት እንደነበረ በራሳቸው አይናገሩም፤ ዝምታው ከየት እንደመጣ ግን ይናገራሉ።

8. ማጠቃለያ

ጂፒኤስን በሞተር ሳይክል ላይ በኮረንቲ ማስቀጠል የመሣሪያው ፍላጎት ስለበዛ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው ባትሪው ትንሽ፣ ቮልቴጁ ተለዋዋጭ፣ የቆመበት ሰዓት ደግሞ ከተጓዘበት የበዛ ስለሆነ ነው። ለባለስክሪን መንገድ ጠቋሚ በሪሌ በኩል ከቁልፉ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ መስመር ተስማሚ ነው፤ አሽከርካሪው በሌለበት መንገድ ማመልከት አያስፈልገውምና። ለመከታተያ ግን ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ የማይቋረጥ አቅርቦት፣ የቁልፉን ሁኔታ ከሚያሳውቀው ሦስተኛ ሽቦና በልኬት ከተረጋገጠ እንቅልፍ ጋር ይመረጣል። የመጀመሪያው የጉዞ መነሻን ያስቀራል፤ ሁለተኛው በጥንቃቄ ካልተገጠመ ባትሪን ይጨርሳል።

ከዚህ በመነሣት በሞተር ሳይክል የጂፒኤስ መረጃ ላይ የሚመሠረቱ ጥናቶች በዘዴ ክፍላቸው ሦስት ነገሮችን ቢያካትቱ ይበጃል፤ መሣሪያው ኮረንቲ የሚያገኝበትን ነጥብ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ የተለካውን ፍጆታ፣ እንዲሁም ክፍተቶች በቮልቴጅ መረጃ የተለዩበትን መንገድ። አሠሪዎችም ስለጠፋ ምልክት ሠራተኛውን ከመጠየቃቸው በፊት የቮልቴጁን መዝገብ ቢመለከቱ፣ በሽቦ ጥፋት ሰው ከመወቀስ ይድናል።